ልውውጥ ወይስ ጉብኝት?

“የባህል ልውውጥ” የሚለው ሐረግ በየመድረኩ ያለ ስስት ይነገራል። ስመ ጥር የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ወደ ባዕድ አገር ተጉዘው ታዳጊዎችን ለጥቂት ቀናት ሲያሠለጥኑም ሥራቸው በዚሁ ስም ይጠራል። እንግዳው ይመጣል፤ ኳስ ያነጥራል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ይሄዳል። ለመሆኑ ምን ተሰጠ? ምንስ ተወሰደ? አንዱ ወገን ብቻ የሚሰጥበት ነገር ምጽዋት ነው። አንዱ ብቻ የሚወስድበትም ዘረፋ እንጂ ልውውጥ ሊባል አይችልም።

ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው። የቦስተን ሴልቲክሱ ቢል ራስል በ1959 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድጋፍ ወደ አፍሪካ መጥቶ ጨዋታውን ለወጣቶች አስተምሯል። በ1971ም ካሪም አብዱልጀባርና ኦስካር ሮበርትሰን ተመሳሳይ ጉዞ አድርገዋል። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ስለ ነበር፣ የጥቁሩ ስፖርተኛ ዝና ለላኪው መንግሥት የእኩልነት ማስረጃ ሆኖ እንዲታይ ይፈለግ ነበር። ሐቁ ግን ሌላ ነው። በ1961 በኬንታኪ ክፍለ ግዛት፣ በሌክሲንግተን ከተማ፣ የራስል ጥቁር የቡድን ባልደረቦች ባረፉበት ሆቴል ምግብ አንሸጥላችሁም ተባሉ። እርሱና ጓደኞቹም ጨዋታውን ትተው ሄዱ። በሰው አገር የክብር እንግዳ የነበረው፣ በገዛ አገሩ ማዕድ የሚነፈገው ሆነ! እንግዲህ የእንዲህ ያለው ጉዞ ዋጋ በላኪው ስብከት ሳይሆን፣ በተቀባዩ ዘንድ በሚቀረው ፍሬ ሊመዘን ይገባል።

ፍሬ ያለው ሥራ የለም ማለት አይደለም። በ2001 ሰርቡ ቭላዴ ዲቫችና ክሮኣቱ ቶኒ ኩኮች፣ በጦርነት ከፈራረሰችው ዩጎዝላቪያ የተውጣጡ 50 ታዳጊዎችን በኢጣሊያ፣ በትሬቪዞ ከተማ ሰበሰቡ። ወገኖቻቸው የተታኰሱባቸው ልጆች በአንድ ቡድን ተሰልፈው ኳስ ተቀባበሉ። አሠልጣኞቹም የልጆቹን ቋንቋና ቁስል የሚያውቁ ነበሩ። “ቅርጫት ኳስ ያለ ድንበር” የተሰኘው እንቅስቃሴ የተወለደው ከዚህ ነው።

እንቅስቃሴው በ2003 ደቡብ አፍሪካ ሲደርስ፣ ከሠልጣኞቹ አንዱ ካሜሩናዊው ሉክ ምባ ኣ ሙቴ ነበር። ይህ ሰው በአሜሪካ ታላቅ ተጫዋች ከሆነ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ለታዳጊዎች የሥልጠና ሰፈር አቋቋመ። በ2011 ጆኤል ኤምቢድ ከሰው ዐይን የገባው በዚያ ሰፈር ነው። ኤምቢድ በ2023 የአሜሪካው ሊግ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፤ በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ያጠለቀው ግን ለአሜሪካ ተሰልፎ ነው።

“ድኻው ልጅ ዕድል ካገኘ ምን ከፋ?” የሚሉ ይኖራሉ። ምንም አልከፋም፤ የወጣቱ ምርጫ የራሱ ነው፤ ሊወቀስም አይገባም። ነገር ግን አንድ ረጅም ልጅ ወጥቶ ሲሄድ፣ በሜዳው የቀሩትን መቶ ልጆች ማን ያሠለጥናቸዋል? ልውውጥ የተባለው ነገር ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሌለው፣ ስሙ ምልመላ ነው። የምባ ኣ ሙቴም ሥራ የሚመሰገነው ኮከብ ስላስገኘ ብቻ አይደለም፤ የተማረው ተመልሶ አስተማሪ ስለ ሆነ ነው።

ለዚህ የኢትዮጵያ ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን በ1946 ሲመጣ ለሳምንት ጉብኝት አልነበረም፤ ለአሠርት ዓመታት ኖረበት። በሮምና በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የእርሱ ሠልጣኝ ነው። ከዚህም የሚልቀው ቁም ነገር፣ ሙያው ከእንግዳው ጋር ተሳፍሮ አለመሄዱ ነው። ንጉሤ ሮባ፣ በኋላም ወልደ መስቀል ኮስትሬ የአሠልጣኝነቱን አደራ ተረክበው ትውልድ አፈሩ። እንግዳ የሚመሰገነው፣ ከሄደ በኋላ እርሱን የሚተካ የአገር ልጅ ሲገኝ ነው።

ስለዚህ ሸክሙ በእንግዳው ጫንቃ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። ጋባዡ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። ዝነኛው ተጫዋች ልጆቹን ሲያሠለጥን፣ የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ከጎኑ ቆሞ ይማራል ወይስ ከአጥር ውጭ ሆኖ ይመለከታል? ትምህርቱ ልጆቹ በሚያልሙበት ቋንቋ ይተረጐማል ወይስ በጭብጨባ ይታለፋል? እንግዳውስ ኳሱን ካስቀመጠ በኋላ የገና ጨዋታውን ዱላ ጨብጦ፣ እርሱም በተራው ተማሪ ይሆናል? በቴአትርና በሙዚቃ ረገድም ፍርዱ ይኸው ነው፤ የባዕድ አዘጋጅ የሚያዘጋጀው አንድ ትርኢት ከሚያስጨበጭብ ይልቅ፣ የሚያሠለጥነው አንድ የአገር አዘጋጅ ይበልጣል።

መምህራንና የባህል ሠራተኞች ሆይ! እንግዳን በክብር መቀበል የአባት ነው። ነገር ግን እንግዳው የተቀበለውን አበባ ይዞ ሲሄድ፣ በሜዳው ላይ ፉጨቱን አንሥቶ ሥልጠናውን የሚቀጥል መምህር ካልቀረ፣ የተደረገው ጉብኝት እንጂ ልውውጥ አይባል።