ለዓለም ደቻሳ የተከራከርነውን ለእነሱም እንከራከር

እህቶቼ፣ ዛሬ የማነሳውን ነገር ብዙዎቻችን በሹክሹክታ ካልሆነ አናወራውም። ራሳቸውን ስለሚያቆስሉ ሰዎች ነው፤ በተለይ ደግሞ በመካከላችን ተደብቀው ስለሚኖሩ ትራንስጀንደር ሰዎች። ትራንስጀንደር የሚባለው ሲወለድ የተሰጠው ጾታና ራሱ በውስጡ የሚያውቀው ጾታ የማይገጥምለት ሰው ነው። በሴት ፓስፖርት ለቤት ሥራ የመጣ፣ ልቡ ግን ወንድ ነኝ የሚል ሊኖር ይችላል። በወንድ ፓስፖርት ለሾፌርነት የመጣች፣ ሴት ነኝ የምትልም እንዲሁ።

ከምናውቀው እንነሳ። በፈረንጆች 2012 ቤይሩት ውስጥ ዓለም ደቻሳ የተባለች እህታችን በቆንስላችን ደጅ ስትደበደብና በግድ መኪና ውስጥ ስትከተት በቴሌቪዥን ታየች። ከዚያ የአእምሮ ሆስፒታል አስገቧት፤ ማርች 14 ቀን እዚያው በገዛ እጇ ሕይወቷ አለፈ። ያኔ "አእምሮዋ ታሞ ነው" ያሉ ነበሩ። እኛ ግን "የደረሰባትን እዩ!" አልን። ሰው ከመሬት ተነስቶ ሕይወቱን አይጠላም አልን። ልክ ነበርን።

ታዲያ ትራንስጀንደር ሰው ራሱን ሲያቆስል ለምንድነው "ማንነቱ ነው ያሳበደው" የምንለው? ኢላን ሜየር የተባለ ተመራማሪ በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ አናሳ የሆኑ ሰዎች የሚሸከሙትን የተለየ ጭንቀት አብራርቷል። ስድብና ጥቃት፣ "ዛሬ ይነቁብኛል" እያሉ መስጋት፣ መደበቅ፣ በመጨረሻም የሰውን ጥላቻ ወስዶ ራስን መጥላት። እሱ የጻፈው የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ስላላቸው ሰዎች ነበር፤ በኋላ ሌሎች ለትራንስጀንደር ሰዎችም እንደሚሠራ አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባጸደቀው ዝርዝር ትራንስጀንደር መሆንን ከአእምሮ ሕመሞች ውስጥ አውጥቶታል። የሚያሳምመው ኑሮው ነው።

ኑሮውን ደግሞ እናውቀዋለን። እዚሁ አቡ ዳቢ፣ በ2017 ኦገስት ያስ ሞል ውስጥ ሁለት የሲንጋፖር ዜጎች "ሴት መስላችሁ ለብሳችኋል" ተብለው ተያዙ፤ አንዷ ትራንስጀንደር ነበረች። አንድ ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በይግባኝ ወደ ገንዘብ ቅጣት ተለውጦ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አገር ቤትም በ2023 ቲክቶክ ላይ የሰው ስምና ፎቶ እየተለጠፈ "ደብድቡ" ሲባል ነበር። እንግዲህ በዚህ ላይ የማዳምን ጩኸት፣ የዘገየ ደመወዝን፣ የአገር ቤት ዕዳን ጨምሩበት።

በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የእረፍት ቀን ይሰጠናል። በዚያ ቀን አል ዛሂያ ስንሰባሰብ ትንሽ እንተነፍሳለን። እሷ ግን ከማዳም ቤት ወጥታ እኛ ዘንድ ስትመጣም መደበቅ ካለባት፣ የቱ ላይ ነው የምታርፈው? ስለ አረማመዷ ስንሳሳቅ፣ "ጋኔን አለባት" ስንል፣ ሸክሙን የምንጨምረው እኛው ነን።

"እምነቴ አይፈቅድም" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጸሎቱም ዱዓውም ይኑር። የቆሰለን ማከም የሚከለክል እምነት ግን አላውቅም።

ስለዚህ ቁስል ወይም ጠባሳ ስታዩ ሰው ፊት አትጠይቁ። ብቻዋን ስትሆን "ከብዶሻል እንዴ?" በሏት፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሟት። ራሱን የሚያቆስል ሁሉ መሞት ፈልጎ አይደለም፤ ቢሆንም ቀላል ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት። "መሞት አስበሻል?" ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዋት። ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ በ998 አምቡላንስ ጥሩ። ለአምቡላንስ ሰዎች ስለ ጉዳቱ ንገሩ፤ ስለ ማንነቷ የመናገር ግዴታ የለባችሁም። ምስጢሯን ለማዳም፣ ለኤጀንሲው፣ ለቤተሰቧ አታውሩ። ፎቶ አታንሱ።

ይህን የምታነብቢው፣ ወይም የምታነበው፣ ራስህ ከሆንክ ደግሞ፤ ከመካከላችን የምታምነውን አንድ ሰው ምረጥ፣ ዛሬውኑ ንገረው። ሁሉን መናገር የለብህም፤ "ደህና አይደለሁም" ማለት ይበቃል።

እኛ ደግሞ ያንን የሚሰማ ሰው እንሁን። ለዓለም ከሞተች በኋላ ነው የጮህንላት። ለእነዚህ በሕይወት ሳሉ እንድረስላቸው።