ሽፋኑን ስናሳንስ ስም አናጥፋ

ባለፈው ክረምት ይፋግ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ፣ አንድ የቀድሞ ካሴት ነጋዴ በጆንያ ያኖራቸውን 140 ያህል የካሴት ሽፋኖች አዋሰኝ። በስካነር አነሳኋቸውና መለስኩለት። በስልክ ለሚከፈት የሙዚቃ ማኅደር እንዲመቹ ብዬም በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም አሳነስኳቸው። ትእዛዙ ትንንሾቹን ያስቀመጠው በዋናዎቹ ፋይሎች ላይ ነበር። አላስተዋልኩም።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ የሰፈራችን አባት መጡ። «ልጄ፣ እስኪ የወንድሜን ስም አሳየኝ። በዚያ ካሴት ላይ ማሲንቆ የመታው እሱ ነው» አሉኝ። ከፈትኩት። የዘፋኙ ፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል። የተጫዋቾቹ ስም ግን ግራጫ ጭረት ሆኗል። ወደ ነጋዴው ሮጥኩ። ሱቁን ሲለቅ ጆንያውን ጥሎታል።

ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። የካሴት ሽፋን ፊቱ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ600 ዲፒአይ ሲነሳ ወደ 2,400 ፒክስል ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል የምትረዝም ፊደል 35 ፒክስል ያህል ይደርሳታል። ቁመቱን ወደ 300 ስናወርደው 4 ብቻ ይቀራታል። በ4 ፒክስል «በ»ን ከ«ቡ» ማን ይለያል?

«ኔት ቀርፋፋ ነው፣ ትልቅ ምስል ማን ይከፍታል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ለስልክ ትንሹ ይበቃል። ግን ትንሹ ቅጂ እንጂ ምትክ አይደለም።

ዘፋኙማ አይረሳም። የሚረሳው አቀናባሪው፣ ክራር መቺው፣ ሳክስፎን ነፊው ነው። የብዙዎቹ ብቸኛ ምስክር ያቺ ወረቀት ናት። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጃቸው የ«ኢትዮፒክስ» አልበሞች ዓለምን የማረኩት በዜማው ብቻ አይደለም፤ አብሮ የታተመው ጥራዝ ማን ምን እንደሠራ ስለሚናገርም ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ደራሲ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስ መብት ይሰጠዋል። ማስረጃውን እኛው ካጠፋነው ግን መብቱን በምን ይጠይቃል?

ስለዚህ ይህን ሥራ የጀመራችሁ ወዳጆቼ፦

ዋናውን በቲፍ ወይም በፒኤንጂ በተለየ ፎልደር አኑሩ፤ ሌላ ዲስክ ላይም ድገሙት። በኢማጅማጂክ የምትሠሩ ከሆነ «ሞግሪፋይ» የተባለው ትእዛዝ ሌላ ቦታ ካላሳያችሁት በዋናው ላይ እንደሚጽፍ እወቁ። መጀመሪያ በሦስት ምስሎች ሞክሩት። የካሴት ሽፋን ቁመታም ነው፤ ፕሮግራሙ አራት ማዕዘን እንዲሆን ብሎ ላይና ታቹን እንዳይቆርጠው ተጠንቀቁ። ከሁሉ በፊት ግን ስሞቹን በጽሑፍ ገልብጡ። ጽሑፍ ቦታ አይፈጅም፤ ሲፈለግም ይገኛል።

እኚያን አባት እስካሁን ሳገኛቸው አንገቴን እደፋለሁ። የወንድማቸውን ስም ከአንደበታቸው ሰምቼ ጽፌዋለሁ። የታተመው ግን የለም።

እናንተ ጆንያው ሳይጣል ድረሱበት።