ያለ ርክክብ ዕቃ አንቀበል

እህቶቼ፣ ባለፈው ዓመት ከደሞዜ 20 ዲናር ተቆረጠብኝ። ደስማ በምሠራበት ቤት ሳሎን ውስጥ ያለ አንድ አሮጌ የሸክላ አበባ ማስቀመጫ አፉ ላይ ተሰንጥቆ ተገኘ። «አንቺ ነሽ» ተባልኩ። ስንጥቁ እኔ ከመምጣቴ በፊት ነበር። አቧራውን በየቀኑ የምወለውለው እኔ ነኝ፤ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ግን በምን ላስረዳ? የኔ ቃልና የማዳም ቃል እኩል አይመዘንም፣ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ልጆቹን ይዤ ድሮ የአሜሪካኖች ሆስፒታል ወደነበረው የባህል ማዕከል ሄድኩ። አስጎብኚዋ ለልጆቹ ስታስረዳ እኔም ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ለካስ ሙዚየሞች ዕቃ ሲዋዋሱ በባዶ አፍ አይረካከቡም! ዕቃው ምን ላይ እንዳለ የሚገልጽ ሪፖርት ይሠራሉ፤ ድሮ በወረቀት ነበር፣ ዛሬ በታብሌትም ይሠራል። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሥር ፎቶ ያነሱታል። ቀለሙ እንዳያሳስት የቀለም ካርድ፣ መጠኑ እንዲታወቅ ማስመሪያ አጠገቡ ያደርጋሉ። መብራት ከጎን ሲያበሩበት ፊት ለፊት ሲታይ የማይለየው ጭረት ጥላ ጥሎ ይወጣል። ፎቶው ላይ እያንዳንዷን ስንጥቅ ያመለክታሉ፣ ቀን ይጽፋሉ፣ ሰጪም ተቀባይም ይፈርማል። ዕቃው ሲመለስ አዲሱን ፎቶ ከአሮጌው ጋር ያስተያያሉ። አዲስ ስንጥቅ ካለ በማን እጅ እንደመጣ ይታወቃል።

ኩዌቶች ይህን ከኛ በላይ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1990 የኢራቅ ጦር ሲገባ ከብሔራዊ ሙዚየሙ ዕቃ ተጭኖ ባግዳድ ተወሰደ፤ ሕንጻውም ተቃጠለ። በ1991 በተባበሩት መንግሥታት በኩል ሲመለስ እየተቆጠረና እየተመዘገበ ነው። የተሰበረ ነበረ፣ ሳይመለስ የቀረም ነበረ። መዝገብ ባይኖር ኖሮ ይህ ጠፋ፣ ይህ ተሰበረ ብሎ መጠየቅ በምን ይቻል ነበር?

አገር ቤትም የመንግሥት መጋዘን ጠባቂ ያለ ሞዴል 19 ዕቃ አይረከብም። እኛ ግን ከኛ የዓመት ደሞዝ በላይ የሚያወጣ ዕቃ የሞላበት ቤት በ«ያላ፣ ጥረጊ» ብቻ እንረከባለን።

«ማዳም ሰላይ ትለኛለች» የምትል እህት አለች። ልክ ናት፣ ተደብቀሽ ካነሳሽ ትልሻለች። ስለዚህ በግልጽ ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት «ማዳም፣ ይሄ ስንጥቅ አለው፣ እንድታውቂው ብዬ ነው፣ ፎቶ ላንሳው?» በያት። ዕቃውን ብቻ አንሺ፤ ሰው፣ መኝታ ቤት፣ መስታወት ውስጥ የሚታይ ፊት አይግባበት። ቲክቶክ ላይ ማውጣት ደግሞ ራስን ማሰር ነው። የስልክሽን ባትሪ ከጎን አብሪበት፣ ስንጥቁ ይወጣል። ፎቶውን ለራሷ ለማዳም በዋትሳፕ ላኪላት፤ ቀኑ እዚያው ይቀመጣል። እምቢ ካለች ፎቶውን ተይው፤ ስንጥቁን በድምፅ መልእክት ንገሪያት።

«እኛ ስንት ችግር እያለብን አንቺ ስለ ሸክላ ታወሪያለሽ» የምትልም አትጠፋም። እኔ የማወራው ስለ 20 ዲናሬ ነው። እናቴ የዚያን ወር ጤፍ ያልገዛችው በዚያ ሸክላ ምክንያት ነው።

ደግሞም ነገሩ ሸክላ ላይ አይቆምም። ስንመጣ ደማችንና ሳንባችን ተመርምሮ፣ ጤነኛ ናት ተብሎ ነው የምንገባው። ስንመለስስ? ወገቧ ምን ሆነ፣ እጇን ምን አቃጠለው ብሎ ከድሮው ጋር የሚያስተያይ አለ? ለተዋሰ ሸክላ መውጫና መመለሻው ላይ ሪፖርት ይሠራለታል። ለሰው ግን መግቢያው ላይ ብቻ።

ስለዚህ ማኅበራችን ይህን ይጠይቅ እላለሁ፦ መክተቦች ከኮንትራቱ ጋር የዕቃ ርክክብ ቅጽ ያያይዙ፣ ሁለቱም ወገን ይፈርምበት። ስንወጣም የጤና ምርመራ ይኑር። እስከዚያው ስልካችን በእጃችን ነው። ነገ አዲስ ቤት የምትገቢ እህቴ፣ መወልወያውን ከማንሳትሽ በፊት ዕቃውን አዙረሽ እዪው።