ከወፍጮው በፊትና በኋላ፦ የአዲስ አበባን የፍርስራሽ መድፊያ ወደ ማምረቻ ስለ ማሳደግ

መነሻ

ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በፒያሳ፣ ቀጥሎም በካዛንቺስና በሌሎች የአዲስ አበባ ሰፈሮች የተካሄደው የኮሪደር ልማት ከተማዋን ከብዙ ፍርስራሽ ጋር አፋጥጧታል። የማፍረሱን ተገቢነት፣ የተነሺዎችን ካሳና የማኅበራዊ ኑሯቸውን ዕጣ መመዘን ራሱን የቻለ ጥናት የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚያ ጠበብ ይላል፤ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ የሚቀረው ድንጋይ፣ ብሎኬት፣ አርማታና አፈር ወዴት ይሂድ? የሚል ነው።

እስካሁን የተለመደው መልስ ገልባጭ መኪና ነው። ፍርስራሹ ይጫናል፤ ገደል፣ አሮጌ የድንጋይ ካባ ወይም ሜዳ ላይ ይገለበጣል፤ ቁጥጥሩ ሲላላም ወንዝ ዳር ይደፋል። ከዚህ የተሻለ አሠራር ሲታሰብ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው ሐሳብ መፍጫ ማሽን መግዛት ነው። መድፊያውን ወደ ማምረቻ ማሳደግ ማለት በአጥሩ ውስጥ ክሬሸር ማቆም ተደርጎ ይታያል።

ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህንኑ አስተሳሰብ ነው። በጸሐፊው እምነት ማምረቻን ማምረቻ የሚያደርጉት ከመፍጫው በፊት የሚከናወነው የመለየት ሥራና ከመፍጫው በኋላ የሚጠብቀው ገዥ ናቸው። ወፍጮ የገባለትን ይፈጫል፤ እንክርዳድ ለሰጠው የእንክርዳድ ዱቄት ይመልሳል። ዱቄቱን የሚወስድ ሰው ከሌለ ደግሞ ወፍጮው ጥቂት ከርሞ ራሱ ፍርስራሽ ይሆናል።

የመድፋት ዋጋ

መድፋት ርካሽ የሚመስለው ዋጋው በአንድ ደረሰኝ ላይ ተጽፎ ስለማይታይ ነው። አዲስ አበባ የዚህን ዋጋ ከባዱን ገጽ አይታለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በተለምዶ ቆሼ ተብሎ በሚጠራው የረጲ ቆሻሻ መጣያ የተከመረው ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ረጲን ይተካል ተብሎ የተሠራው የሰንዳፋ ማስወገጃም በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ምክንያት አገልግሎት መስጠት በጀመረ በወራት ውስጥ ሥራውን አቁሟል። ከሁለቱ ክስተቶች የምንማረው ክምር ያለ ልክ ማደግ እንደማይችልና የከተማን ትርፍ በጸጥታ የሚቀበል ጎረቤት እንደሌለ ነው። በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫ የሚቃጠለውን ቆሻሻ ሊያቀል ይችላል፤ ድንጋይና አርማታ ግን አይቃጠሉም። በመጣያ ውስጥ የያዙትን ቦታ ለዘለቄታው እንደ ያዙ ይኖራሉ።

ሌላው ዋጋ የጉዞ ነው። ቀላል ስሌት እንውሰድ። 10 በ20 ሜትር ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ የወለል አርማታ 30 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለአንድ ሜትር ኩብ 2.4 ቶን ብንይዝ ክብደቱ 72 ቶን ነው። ሲሰባበር በስብርባሪው መካከል ክፍተት ስለሚፈጠር ይዘቱ በግማሽ ያህል ጨምሮ ወደ 45 ሜትር ኩብ ይጠጋል፤ 16 ሜትር ኩብ ለሚጭን ገልባጭ መኪና ሦስት ጭነት ማለት ነው። ሦስቱ ጭነቶች ወደ መድፊያ ሄደው መኪናው ሦስት ጊዜ ባዶውን ይመለሳል። በዚያው ቦታ ለሚነሣው አዲስ ግንባታ ተመጣጣኝ ጠጠር ከካባ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሦስት ሙሉና ሦስት ባዶ ጉዞ ይጨመራል። በድምሩ አሥራ ሁለት ጉዞ ሲሆን ከእነዚህ ስድስቱ ባዶ ናቸው። ፍርስራሹን የሚቀበለውና ጠጠሩን የሚሸጠው ሥፍራ አንድ ቢሆን ያው መኪና አራግፎና ጭኖ ይመለሳል፤ ጉዞውም በግማሽ ይቀንሳል። ፍርስራሹ ሁሉ ወደ ጠጠር ስለማይለወጥ በተግባር የሚገኘው ጥቅም ከዚህ ያንሳል። ቢሆንም ስሌቱ አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል፤ የማምረቻው ትርፍ በድንጋዩ ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን በነዳጁ፣ በመኪናው ዕድሜና በሚጎዳው አስፋልት ላይም የሚቆጠር ነው። የቦታ ምረጫም ስለዚህ ከማሽን ምርጫ መቅደም ይኖርበታል።

በፍርስራሹ ውስጥ ምን አለ?

የአዲስ አበባ ፍርስራሽ አንድ ዓይነት አይደለም። የቆዩት ሰፈሮች ቤት ባመዛኙ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ጭቃ ቤት ነው፤ ሲፈርስ ጭድ የተቀላቀለበት አፈር፣ የባሕር ዛፍ ማገርና ቆርቆሮ ይተዋል። በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉት ደግሞ የድንጋይ፣ የብሎኬትና የአርማታ ሕንፃዎች ናቸው። ሁለቱ በአንድ ገልባጭ መኪና ተደባልቀው ሲጫኑ የጭቃው አፈር ጥሩውን አርማታ ያበላሻል፤ ጠጠርን የሸፈነ ሸክላማ አፈር ሲሚንቶ በደንብ እንዳይዝ ያደርጋልና። የውስጥ ግድግዳ ጂፕሰም ከገባበት ጉዳቱ ይብሳል፤ በጂፕሰም ውስጥ ያለው ሰልፌት ከሲሚንቶ ጋር ሲገናኝ ኮንክሪቱ ውሎ አድሮ እንዲያብጥና እንዲሰነጠቅ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አስቤስቶስ ያለበት የጣሪያ ክዳን ከተገኘ ደግሞ ጭራሽ ወደ መፍጫ መቅረብ የለበትም፤ ሲፈጭ የሚነሣው ብናኝ የሳንባ በሽታና የካንሰር ጠንቅ ነው።

ይህ ሁሉ የሚለየው በመፍጫው አፍ ላይ ሳይሆን በሚፈርሰው ቤት ደጃፍ ነው። በዚህ ረገድ ከተማዋ ከባዶ አትጀምርም። በየሰፈሩ የሚዞረው ቆራሌውና የመርካቶው ምናለሽ ተራ ለረጅም ዘመን ያካበቱት የመለየት ዕውቀት አለ። በር፣ መስኮት፣ ቆርቆሮና ፌሮ ከፍርስራሽ ተለቅመው ዳግም ቤት የሚሠሩባት ከተማ ናት። በዚህ አሠራር ተለይቶ ሳይወጣ የሚቀረው ከባዱና ርካሹ ክፍል፣ ማለትም ድንጋዩ፣ ብሎኬቱና አርማታው ነው። አዲሱ ማምረቻ እነዚህን ለቃሚዎች ከበሩ ውጭ የሚያስቀር ከሆነ ዕውቀታቸውን ያጣል፤ እነርሱም እንጀራቸውን ያጣሉ። በማኅበር ተደራጅተው የፈረሳው የመጀመሪያ ደረጃ ቢሰጣቸው ግን ወደ ማምረቻው የሚደርሰው ፍርስራሽ ንጹሕ ይሆናል።

የዴልሂ ተሞክሮ

ለእኛ ሁኔታ ቀረብ ያለ ምሳሌ የምትሰጠን ዴልሂ ናት። በህንድ የመጀመሪያው የሆነው የቡራሪ የፍርስራሽ ማቀነባበሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 በቀን 500 ቶን የማቀነባበር አቅም ይዞ ሥራ ጀመረ፤ በኋላም አቅሙ በቀን ወደ 2,000 ቶን አደገ። ምርቱ በዋናነት የመንገድ መደልደያ፣ የእግረኛ መንገድ ንጣፍና የጠርዝ ድንጋይ ነው። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተጨማሪ ሕንፃ ሲገነባም ከፍርስራሽ የተሠሩ ብሎኮች ጥቅም ላይ ውለዋል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው የቀኖቹ ቅደም ተከተል ነው። ማሽኑ በ2009 ሥራ ሲጀምር የህንድ የኮንክሪት ጠጠር ደረጃ የሚያውቀው ከተፈጥሮ ምንጭ የሚገኘውን ጠጠር ብቻ ነበር። ደረጃው ተሻሽሎ የፍርስራሽ ጠጠርን የተቀበለው በ2016 ነው፤ በብረት ለተጠናከረ መካከለኛ ጥንካሬ ላለው ኮንክሪት እስከ 20 በመቶ፣ ብረት ለሌለው እስከ 25 በመቶ፣ ከመሠረት ሥር ለሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት እስከ 100 በመቶ ፈቀደ። በዚያው ዓመት የወጣው ደንብም በቀን ከ20 ቶን ወይም በአንድ ፕሮጀክት በወር ከ300 ቶን በላይ ፍርስራሽ የሚያወጣ አካል እንዲለይና ለማስወገጃው እንዲከፍል አስገደደ። በማሽኑና በሕጉ መካከል ሰባት ዓመት አለፈ ማለት ነው። አዲስ አበባ የዴልሂን ማሽን ከመመኘት ይልቅ እነዚያን ሰባት ዓመታት ማሳጠር ይሻላታል።

የአውሮፓም ልምድ ይህንኑ ያጠናክራል። ኔዘርላንድስ ዳግም ሊያገለግል የሚችል ፍርስራሽ እንዳይደፋ እ.ኤ.አ. በ1997 ከልክላለች። የአውሮፓ ኅብረትም አባል አገሮች እስከ 2020 ድረስ ቢያንስ 70 በመቶውን መልሰው እንዲጠቀሙ ግብ አስቀምጦ ነበር። በዚህ 70 በመቶ ውስጥ ግን ጉድጓድ መሙላትም እንደሚቆጠር መዘንጋት የለበትም። የመቶኛው ከፍታ ብቻውን የምርቱን ጥራት አይነግረንም።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ አገራችን በጥቁር ድንጋይ የበለጸገች ስለሆነች ፍርስራሽ መፍጨት ትርፍ ድካም ነው የሚል ነው። ድንጋዩ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን የካባ ድንጋይ ዋጋ የሚተወውን ጉድጓድ፣ የአካባቢውን ነዋሪ የሚያስጨንቀውን አቧራና ፍንዳታ፣ ከላይ የተሰላውንም ባዶ ጉዞ አያካትትም። ፍርስራሹ ደግሞ ብንፈጨውም ባንፈጨውም አንድ ቦታ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ ትክክለኛው ንጽጽር በካባ ድንጋይና በፍርስራሽ ጠጠር መካከል ብቻ ሳይሆን፣ ካባና መድፊያ በአንድነት በሚጠይቁት ወጪና ማምረቻው በሚጠይቀው ወጪ መካከል መሆን አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጥራት ነው፤ ይህም በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል። በፍርስራሽ ጠጠር ላይ የሚቀረው አሮጌ ሞርታር ውኃ ይመጣል። ጥሩ ጥቁር ድንጋይ ከክብደቱ 1 ወይም 2 በመቶ ያህል ውኃ ሲመጥ የፍርስራሽ ጠጠር ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 10 በመቶ ይመጣል። ይህን ሳያውቅ ለአምድና ለወለል የሚያውለው ግንበኛ አደጋ ይጠራል። መልሱ ግን ጠጠሩን መጣል ሳይሆን በልኩ ማዋል ነው። የከተማዋ መንገዶች መደልደያ፣ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ፣ የጠርዝ ድንጋይና ሸክም የሌለበት ግድግዳ ብሎኬት ከፍተኛ ጥንካሬ አይጠይቁም። በገረጋንቲ ፋንታ የተፈጨ ፍርስራሽ መደልደል ውርደት አይደለም፤ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋናው ሥራ መሆን ያለበትም ይኸው ነው።

ምን ይደረግ?

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ለግንባታና ለፈረሳ ፍርስራሽ የተለየ ድንጋጌ አካቶ ስለ ነበር ጉዳዩ ለሕግ አውጪው እንግዳ አይደለም። የሚያስፈልገው ሥራውን በቅደም ተከተል ማስኬድ ነው።

አንደኛ፣ ገዥው ይቅደም። የኮብልስቶን መንገድ በየከተማው የተስፋፋው ወጣቶች ድንጋይ መጥረብ ስለ ተማሩ ብቻ ሳይሆን የከተማ አስተዳደሮች ገዥ ሆነው ስለ ቀረቡ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታም ለብሎኬት አምራች ማኅበራት ገበያ የፈጠረው በዚሁ መንገድ ነው። ከተማው በሚያወጣቸው የመንገድና የእግረኛ መንገድ ጨረታዎች ውስጥ በደረጃ የተረጋገጠ የፍርስራሽ ጠጠር የሚገባበትን ዝቅተኛ ድርሻ ቢወስን አምራቹ ለማን እንደሚያመርት አስቀድሞ ያውቃል።

ሁለተኛ፣ በሩ ይስተካከል። በመድፊያው መግቢያ ሚዛንና ተቆጣጣሪ ተመድቦ ንጹሕ አርማታ፣ ድንጋይና ብሎኬት፣ አፈር፣ ድብልቅ ተብለው በአራት ክምር ይከፈሉ። ክፍያውም ይለያይ፤ ንጹሑ በነጻ ወይም በጥቂት ገንዘብ ይግባ፣ ድብልቁ ይወደድ። የፈረሳ ፈቃድ የሚወስድ አካል ማስያዣ አስይዞ ከማምረቻው የተሰጠውን የሚዛን ደረሰኝ ሲያቀርብ ገንዘቡ ይመለስለት። ያን ጊዜ ወንዝ ዳር መድፋት በድብቅ የሚገኝ ትርፍ መሆኑ ቀርቶ ማስያዣን የሚያስበላ ኪሳራ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ መፍጫው በመጨረሻ ይምጣ፤ መጠኑም በበሩ በተመዘገበው የክብደት መረጃ ይወሰን። ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው ሊንቀሳቀስ የሚችል፣ ብረት የሚስብ ማግኔት፣ ወንፊትና አቧራ የሚያረግብ የውኃ መርጫ ያለው መካከለኛ መፍጫ ለጅምሩ ይበቃል። የውኃ መርጫው እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም፤ የድንጋይ ብናኝ የሠራተኛውን ሳንባ ለዘለቄታው ይጎዳል።

አራተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው የራሱን ድርሻ ይወጣ። ከየትኛው ሰፈር የሚመጣ ፍርስራሽ ምን ያህል ውኃ እንደሚመጥ፣ በሎስ አንጀለስ የመፋቅ ፍተሻ ምን ያህል እንደሚፈረፈር፣ ሰልፌቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በየጊዜው መመዝገብ ለአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ይበቃል፤ ለከተማው ግን የደረጃ መሠረት ነው። የእነዚህ ፍተሻዎች ውጤት በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ከመቅረት ይልቅ በማምረቻው ቤተ ሙከራ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የበለጠ ያገለግላል።

ማጠቃለያ

መድፊያን ወደ ማምረቻ ማሳደግ ከማሽን ግዥ በፊት የአሠራር ለውጥ ነው። ማሽኑ በአንድ በጀት ዓመት ሊገዛ ይችላል፤ የሚለየው እጅ፣ የሚመዝነው በርና የሚገዛው ተቋም ግን በየዕለቱ መኖር አለባቸው። እነዚህ ቀድመው ከተዘጋጁ አነስተኛ መፍጫ እንኳ ውጤት ይሰጣል፤ ካልተዘጋጁ ትልቁም አያድንም። ዛሬ የሚፈርሰው ቤት ድንጋይ የነገው መንገድ መሠረት ወይም የነገው ክምር ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወሰነው ፍርስራሹ ከተጫነ በኋላ አይደለም፤ የፈረሳው ፈቃድና የመንገዱ ጨረታ በሚጻፉበት ጠረጴዛ ላይ ነው።