ስልኩን አትቀሙት፣ ሌሊቱን መልሱለት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ አንድ ዕቃ ነው። በተለይ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ተማሪዎችና መምህራን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በቅርቡ አንድ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ከእናቱ ጋር መጣ (ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። ሁለት ወር የቆየ ራስ ምታት፣ ዓይን ማቃጠል፣ ያነበቡትን መርሳት። እናት ፈርተዋል፤ "ዶክተር፣ ጭንቅላቱን ሲቲ ስካን ይታይልኝ" ይላሉ። መረመርኩት፤ የሚያሰጋ ምልክት አላገኘሁም።

"ስንት ሰዓት ነው የምትተኛው?" አልኩት።

"ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ አንዳንዴ 9።"

"ምን ስትሠራ?"

"ሳነብ።"

እናት ጣልቃ ገቡ፤ "የምን ንባብ ዶክተር፣ ስልኩን ሲነካካ ነው የሚያድረው!"

ልጁ ምንም ሳይመልስ ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። የቴሌግራም ግሩፕ፣ ፒዲኤፍ፣ ሃንድአውት፣ የቆዩ ፈተናዎች። እውነቱን ነው። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብተን በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ላይ እንደሚያሳልፍ አየን፤ 9 ሰዓት። ለፒዲኤፍ የዋለው 2 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ወሬ ነው። እናትም እውነታቸውን ነው! ከሁላችንም በላይ የደነገጠው ግን ልጁ ራሱ ነበር።

ይህን ስናወራ ሁለት ዓይነት መልስ እሰማለሁ። አንዱ "ቀሙት" ይላል። ሌላው "ዘመኑ ነው፣ ተዉት" ይላል። እኔ በሁለቱም አልስማማም።

"ቀሙት" የሚለው የማያስኬደው ለምንድነው? እኛ ስንማር አንድ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ ነበር፤ ለአንድ ሌሊት ለመዋስ ላይብረሪ በር ላይ እንሰለፍ ነበር። ዛሬ ከከተማ ርቆ የሚማር ልጅ ያንኑ መጽሐፍ በኪሱ ይዞ ይዞራል። መምህሩም ስላይዱን የሚልከው በቴሌግራም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ራሱ በኮምፒውተር ነው። ስልኩን መቀማት ላይብረሪውን መቆለፍ ነው።

"ተዉት" የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። የሕክምና ተማሪ ስቴቶስኮፕ ሲይዝ ጆሮው ላይ እንዴት እንደሚያደርገው፣ የት ላይ እንደሚያስቀምጠው፣ ምን እንደሚሰማ እናስተምረዋለን። ቀኑን ሙሉ ከእጁ የማይለየውን ስልክ እንዴት እንደሚጠቀምበት ግን ማንም አላስተማረውም።

በሰውነቱ ላይ የሚሆነውን ላስረዳ።

👉 እንቅልፍ፦ ቀን ያነበብነውን አእምሯችን አደላድሎ የሚያስቀምጠው በአብዛኛው ስንተኛ ነው። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ ከመኝታ በፊት ብርሃን ከሚያወጣ ስክሪን ያነበቡ ሰዎች የወረቀት መጽሐፍ ካነበቡት ዘግይተው እንቅልፍ እንደወሰዳቸውና ጠዋት ላይም ንቃታቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። ሌሊቱን በሙሉ ሲቸክል ያደረ ልጅ ፈተና ላይ "ባዶ ሆነብኝ" ሲል ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ያነበበው የሚቀመጥበትን ሰዓት ራሱ በልቶታል።

👉 ዓይንና አንገት፦ ስክሪን ላይ ስናፈጥ የዓይናችን ጥቅሻ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ዓይን ይደርቃል፣ ያቃጥላል። ጭንቅላታችን ደግሞ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ወደ ስልክ ባጎነበስን ቁጥር የአንገት ጡንቻ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። አንዳንዱ "ራስ ምታት" ከዚያ ሊነሳ ይችላል።

👉 ትኩረት፦ ገጽ 40 ላይ ሆኖ ሜሴጅ የከፈተ ሰው ሲመለስ ገጹ እንጂ ሐሳቡ አይጠብቀውም። እንደገና መጀመር አለበት። በሰዓት አሥር ጊዜ እንደዚህ ከሆነ ቁጭ ማለት እንጂ ማንበብ አይባልም።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ፤ መምህራን እንዳትቀየሙኝ። ያን ልጅ "ማታ ለምን ስልኩን አትዘጋውም?" ብዬው ነበር። መልሱ አፌን አስያዘኝ፤ "ዶክተር፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ 'ነገ ጠዋት ኩዊዝ አለ' ብለው ይለጥፋሉ። ብዘጋው ያመልጠኛል።" ልክ ነው! ስልኩን ሌሊት እንዳይዘጋ ያደረግነው እኛው ነን። እንግዲህ ጥፋቱን ተማሪው ላይ ብቻ መጣል ፍትሕ አይደለም።

ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ማስታወቂያ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አይለጠፍ፤ ከዚያ በኋላ የተለጠፈ ለነገ ጠዋት አይሥራ። ላይብረሪ ውስጥ የሚነበብ ወረቀት አይጥፋ፤ ሁሉ ነገር ፒዲኤፍ አይሁን። ፍሬሽ ተማሪ ሲገባ ስለ ስልክ አጠቃቀም የአንድ ሰዓት ትምህርት ይሰጠው። አንዱም ትልቅ በጀት አይፈልግም።

ለጤና ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። የታካሚን ቁስል ወይም ኤክስሬይ ፎቶ አንስቶ የባች ግሩፕ ላይ መልቀቅ "ለትምህርት ነው" ተብሎ አይታለፍም። ያ ሰው አምኖን ነው ልብሱን ያወለቀው። ሳይፈቅድ አታንሱ። ታካሚ ፊት ቆማችሁ የመድኃኒት መጠን ስልክ ላይ ስትፈልጉም "እናቴ፣ መጠኑን እያረጋገጥኩልዎት ነው" በሉ፤ አለበለዚያ ፌስቡክ የምታዩ ነው የሚመስላቸው።

ተማሪዎች፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይህን ሞክሩ፦

✅ የምታነቡትን ቀን ዳውንሎድ አድርጉ፤ ስታነቡ ዳታ ዝጉ።
✅ በየ20 ደቂቃው ወደ 6 ሜትር ራቅ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ተመልከቱ።
✅ ስልኩን ወደ ዓይናችሁ ከፍ አድርጉ እንጂ አንገታችሁን ወደ ስልኩ አትድፉ።
✅ ከመተኛታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ከአልጋ አርቃችሁ ቻርጅ ላይ ሰኩት። ያን ሰዓት በደብተርና በእስክሪብቶ ከልሱ።

⚠️ ራስ ምታት ሁሉ ግን ከስልክ አይደለም። በድንገት የጀመረ እጅግ ከባድ ሕመም፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የእጅና የእግር መዛል ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ያ ተማሪ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። ራስ ምታቱ ቀንሷል፤ የሚተኛው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ሆኗል። እናት ግን አሁንም አልረኩም፤ "አሁንም ይነካካል" አሉኝ። ሳቅሁና "ይነካካ እናቴ፣ ሌሊቱን ብቻ ለእንቅልፍ ይተው" አልኳቸው።

የእናንተ ግቢ ማስታወቂያ የሚለጠፈው ስንት ሰዓት ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ለተማሪም፣ በተለይ ደግሞ ለመምህር ሼር አድርጉት።

መልካም ጤንነት፣ መልካም እንቅልፍ! 🙏