ስለ ቀድሞ ብርና በቤት ስለ መጠበቁ

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልብስ፥ ስለ መጻሕፍትና ስለ ጓዳ ዕቃ አያያዝ መጻፍ የተለመደ ነው። ከአያት ለልጅ ልጅ ተላልፎ በየሣጥኑ ስለሚገኘው ስለ ቀድሞ ብር ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው። እኛም በነፋስ ስልክ ላፍቶ በአንድ ቤት የተነሣውን የውርስ ክርክር ካየን ወዲህ ዝም ማለት አልተቻለንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የተከበሩ ወይዘሮ ከዚህ ዓለም በሞት በተለዩ ጊዜ ኑዛዜያቸው ቢከፈት፥ ከቤቱና ከቦታው ድልድል በኋላ «ለታናሺቱ ልጄ ብር አርባ» የሚል ቃል ተገኘበት። ታላቅ ወንድሟ ኑዛዜውን አነበበና አራት ባለ ዐሥር ብር ወረቀት ቈጥሮ አቀረበላት። እርስዋም «ወንድም ጋሼ፥ እማማ ያሉት በሙዳዩ ያለውን ብር ነው እንጂ ይህን አይደለም» ብላ አለቀሰች። እሱም «በኑዛዜው ላይ ሙዳይ የሚል ቃል የታለ?» ሲል መለሰላት። ሁለቱም እንደ ቃሉ ከሆነ እውነት ነበራቸው። ብር በቋንቋችን ማዕድኑም ነው፥ ከማዕድኑ የተመታው ገንዘብም ነው፥ ዛሬ በወረቀት የምንቀበለውም ነው። አንዲት ቃል ብትጨመር ኖሮ፥ «ጠገራ» ወይም «የምኒልክ» የምትል፥ ወንድምና እኅት በችሎት ባልተካሰሱ ነበር።

ሙዳዩ በሽማግሌዎች ፊት ሲከፈት ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በውስጡ የተገኘው ሠላሳ አራት ብቻ ሆነ። ስድስቱን ማን ወሰደ? እኅት ወንድሟን ጠረጠረች፥ ወንድም የእኅቱን ባል ጠረጠረ፥ ሁለቱም አብረው ሠራተኛዪቱን ጠረጠሩ። በመጨረሻ ከልጅ ልጆቹ አንዲቱ ወይዘሮዋ ከማረፋቸው ሁለት ዓመት አስቀድሞ በገና ዕለት በእጅ ስልኳ ያነሣችውን ሥዕል አቀረበች። አያትዮዋ ብሩን በሰፌድ ላይ ዘርግተው ሲቈጥሩ ይታያሉ። ሽማግሌዎቹም መነጽራቸውን አድርገው አንድ ባንድ ቢቈጥሩ በትክክል አርባ ሆነ። በዚህ ሥዕል ኑዛዜው ስለ የትኛው ብር እንደሚናገር ተረጋገጠ፤ ታላቁ ወንድምም እኅቱን ይቅርታ ጠየቀ። ስድስቱ የት እንደ ደረሱ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሠራተኛዪቱም ከዚያ ቤት ወጥታ ሄደች።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሙዳይ ውስጥ የሚገኘው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፤ ሁሉ በአንድ ስም ቢጠራም አጠባበቁ አንድ አይደለምና። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጠገራ ብር ነው። ይህ የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ሲሆን ክብደቱ 28 ግራም ያህል፥ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከሺሁ 833 እጅ ጥሩ ብር ነው። በላዩ የሚነበበው ዓመት፥ በአውሮፓ አቈጣጠር 1780፥ ንግሥቲቱ የሞተችበት ነው። ከዚያ በኋላ በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮማ፥ በሎንዶን፥ በፓሪስና በቦምቤይ ሳይቀር ሲመታ ዓመቱ ሳይለወጥ ኖረ። ስለዚህ «የእኛ ብር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው» እያሉ ለእንግዳ መናገር የሚወዱ ወዳጆቻችን ጥቂት ይታገሡ፤ ብሩ የተመታው በአባታቸው ዘመን ሊሆን ይችላል። የቀድሞ ነጋዴዎች ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት በንግሥቲቱ ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች ይቈጥሩ ነበር፤ ዘጠኝ ካልሆኑ አይቀበሉም። በጠርዙ ዙሪያ ያለው የላቲን ጽሕፈትም «በፍትሕና በምሕረት» ማለት ነው። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን አንድ መምህር ይህን ተርጕመው ቢነግሩን እጅግ ደስ ብሎን ነበር። በኋላ በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ስንገባ፥ በዚሁ ብር በቀድሞ ዘመን ስንት ጉቦ እንደ ተከፈለ አሰብንና ደስታችን ጥቂት ቀነሰ።

ሁለተኛው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነው። በፓሪስ ተመትቶ 1887 ዓመተ ምሕረት የሚል ዓመት ይዞ የመጣው የመጀመሪያው ሲሆን፥ በአንድ ፊት የንጉሠ ነገሥቱ መልክ በሌላው አንበሳው አለ። የአንበሳው የተነሣ እግር በአንዳንዱ ግራ በአንዳንዱ ቀኝ ነው፤ ስለዚህ ሁለት የሚመሳሰሉ ብሮች ያሉት ሰው አንዱን ትርፍ ነው ብሎ ከመስጠቱ በፊት እግሩን ይመልከት። ከሙሉው ብር በታች አላድ፥ ሩብ፥ ተሙንና ግርሽ አሉ። ሰው ጠገራውን ለምዶ ስለ ነበር አዲሱን ለመቀበል ዘገየ፤ ብዙዎችም እየቀለጡ ጌጥ ሆኑ።

ሦስተኛው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የወጣው ነው። 1923 የሚል ዓመት ያለባቸው መቶኛዎች 1ና 5 ከመዳብ፥ 10፥ 25ና 50 ከኒኬል ናቸው። ሐምሌ 1937 ዓመተ ምሕረት በወጣው አዲስ ገንዘብ ደግሞ ሳንቲሞቹ ከመዳብ፥ ሃምሳ ሳንቲሙ ከብር ሆነ። ባለ 25 ሳንቲሙ መጀመሪያ ክብ ነበረ፤ በመጠኑ ሃምሳውን ስለሚመስል አታላዮች ብር እየቀቡ በሃምሳ ሳንቲም ዋጋ ያሳልፉት ጀመር። ስለዚህ ጠርዙ እንደ አበባ ተከርክሞ እንዲወጣ ተደረገ። ክቡ 25 ሳንቲም በቤቱ የተገኘ ሰው እንዳይንቀው እንመክራለን። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ነው። ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፥ ማለት ከሦስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፥ በወርቅ፥ በብርና በነሐስ ተመትቷል። በአንዳንዱ ነሐስ ላይ በመስቀሉ ዙሪያ ወርቅ የተለበጠበት አለ። ይህን በሚመለከት ሕግ ስላለ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ አጠባበቁ እንምጣ። የዚያች ወይዘሮ ሙዳይ የተቀመጠው ከአልጋ ሥር በሲሚንቶው ወለል ላይ ነበር። ብሮቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው በላስቲክ ታስረዋል። ስለዚህ ጠገራዎቹ ላስቲኩ በነካቸው በኩል እንደ ከሰል ጠቁረዋል፤ አራቱ መቶኛዎች እርስ በርሳቸው በአረንጓዴ ዝገት ተጣብቀዋል። ለዚህ ምክንያት አለው። ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ነው፤ ድኝም በላስቲክ፥ በሱፍ ጨርቅ፥ በርካሽ ወረቀትና በጪስ ውስጥ ይገኛል። መዳብንና ነሐስን የሚያዝገው ደግሞ ርጥበትና ከእጃችን ላብ የሚወጣው ጨው ነው። በላፍቶ፥ በመካኒሳና በጀሞ በኩል ትንሹ አቃቂ በሚያልፍበት ቆላማ ስፍራ፥ ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳው ሲያልብ የማያውቅ የለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን የኔታ የብራና መጽሐፉን በማኅደሩ አድርገው ከወለልና ከግድግዳ አርቀው በምሰሶ ላይ ያንጠለጥሉት የነበረው ስለዚህ እንደ ሆነ ያስተዋልነው ዘግይተን ነው።

እንግዲህ ብሩን ከወለል ከፍ ባለ ቁም ሣጥን፥ ወደ ውጭ ከሚያዋስነው ግድግዳ ራቅ አድርጎ፥ ከማድ ቤትም አርቆ ማኖር ይገባል። እያንዳንዱ ለብቻው ይቀመጥ፤ ብር ከብር ጋራ ሲጋጭ መልኩ ይፋቃልና። በመደብር የሚሸጠው ለስላሳና የሚለጠጥ ፕላስቲክ፥ ይልቁንም አዲስ ሳለ የሚሸተው፥ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ሙጫ አውጥቶ ብሩን ይበላዋል። ጠንከር ያለውንና ሽታ የሌለውን መምረጥ ነው፤ እሱ ከታጣም ታጥቦ የደረቀ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። በጫማ ሣጥንና በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ የሚገኙትን ርጥበት የሚመጡ ትናንሽ ከረጢቶች ሰው ሁሉ ይጥላቸዋል፤ ሦስት አራቱን በሙዳዩ ማኖር ግን ብልህነት ነው፤ ብሩን ሳይነኩ ይቀመጡ፥ በየጊዜውም ይለወጡ። በነሐስ ላይ ሲነኩት እንደ ዱቄት የሚረግፍ ፈዛዛ አረንጓዴ የታየ እንደ ሆነ፥ ያን አንዱን ከሌሎቹ ወዲያው ለይቶ በደረቅ ስፍራ አኑሮ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ነው።

ስለ ማጠብ ግን አጥብቀን እንናገራለን፤ በዚህ ነገር እኛው በደለኞች ነንና። ልጅ ሳለን አክስታችን በአንገታቸው ያደርጉት የነበረ አንድ የምኒልክ ብር ነበራቸው፤ ከሟች ባላቸው የቀረላቸው ያ ብቻ ነው። ለፋሲካ ደስ እናሰኛቸው ብለን ወስደን በአመድና በሎሚ ስናሸው ዋልን። እንደ መስተዋት አበራ። አክስታችን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱትና «ፊታቸው የት ሄደ?» አሉ። የንጉሠ ነገሥቱ አፍንጫና የዘውዱ ጌጥ ጠፍቶ ነበር። አልተቈጡንም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ብሩን በአንገታቸው ሲያደርጉት አላየንም። በብር ላይ ያለው ጥቁረት ስስ ሽፋን ነው፤ ሲተዉት ብዙ አይጐዳም። አመድ፥ አሸዋ፥ የጥርስ ሳሙናና ሎሚ ግን ጥቁረቱን ከነብሩ ይልጡታል፤ የጠፋውም መልክ በምንም ጥበብ አይመለስም። ሰብሳቢዎችም የታሸውን ብር ከጠቆረው አሳንሰው ይገዙታል። ስለዚህ ንጹሕና ደረቅ በሆነ እጅ፥ በጠርዙ ብቻ ይዞ፥ ከታች ለስላሳ ጨርቅ አንጥፎ መመልከት ይበቃል።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ብር ቍጥር ሰጥቶ ዓይነቱን፥ ዓመቱን፥ ክብደቱን፥ ቀዳዳ ወይም ጭረት እንዳለበት፥ ከማን እንደ ተገኘ መጻፍና የሁለቱንም ፊት ሥዕል ማንሣት ነው። ክብደቱ የሚጻፈው ስለ ሐሰተኛም ጭምር ነው፤ በቸርችል ጎዳና ሱቆችና በመርካቶ ከሚሸጠው መካከል ክብደቱ የጐደለ ወይም ማግኔት የሚስበው አለ፤ ጥሩ ብርን ማግኔት አይስበውም። መዝገቡ ከሙዳዩ ጋራ በአንድ ስፍራ አይቀመጥ፤ ሌባ ሁለቱን አብሮ ይወስዳልና። በኑዛዜም ላይ «በመዝገቡ ከቍጥር 1 እስከ 40 የተጻፉት» ብሎ መጥቀስ ነው።

ስለ ሌባ ብዙ መናገር አያሻንም። አብዛኛው ስርቆት የሚጀምረው በቡና ላይ በሚነገር ጨዋታ ነው፤ ሙዳዩን አውጥቶ ለእንግዳ ማሳየት ደስ ቢያሰኝም እንግዳው በመንገድ ላይ ይናገረዋል። እሳት የማይበግረው የብረት ካዝና ያላቸው ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ እሳቱን የሚከለክለው የግድግዳው ሙሌት ራሱ ርጥበት ስለሚያወጣ ከረጢቶቹን በካዝናው ውስጥ ማብዛት ያስፈልጋል። የአደራ ሣጥን የሚያከራዩ ባንኮችም አሉ። ስብስቡ ብዙ ከሆነ ከፍሎ ግማሹን ወደዚያ መስጠት ይሻላል፤ ከቤት ሁሉን ማራቅ ግን ለእኛ አይታየንም። ልጆች ያላዩትን ቅርስ አይወዱትምና።

ስለ አክሱም ገንዘብ የተናገርነው ሕግ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ነው። ቅርስ በግል እጅ ሊኖር ይችላል፤ ባለቤቱ ግን ማስመዝገብና በሚገባ መጠበቅ ግዴታው ነው፥ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ሲያርስ ወይም መሠረት ሲቈፍር ያገኘ ሰው ደግሞ ማስታወቅ አለበት። ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ዘመድ በሻንጣ ሸጉጦ መስጠት ዘመዱን በአውሮፕላን ጣቢያ ማሳፈር ነው፤ እንዲህ ያለ መዝገብ በእጃችን ስላለፈ እናውቀዋለን።

ሙዳዩን ለመክፈትና ለመመርመር የሚመቸው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ነው፤ ዝናቡ አባርቶ አየሩ ሲደርቅ፥ በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፥ ከልጆቹ አንዱ መዝገቡን እያነበበ ሌላው እየቈጠረ። ያቺ ታናሽ እኅትም ዘንድሮ ሠላሳ አራቱን እንዲሁ ስትቈጥር ታላቅ ወንድሟን ጠርታው መዝገቡን ያነበበው እሱ ነው።