በዛፉ ውስጥ ያለው ጭሰኛ



በየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓት ስለ አገር መድኀኒት ክርክር ሲነሣ፣ አንዱ ቅጠሉ ያድናል ሲል ሌላው ከንቱ እምነት ነው ይላል። ሁለቱም ወገኖች ያላሰቡት ሦስተኛ ነገር ስላለ አስተያየቴን ለማቅረብ እወዳለሁ። ይኸውም ፈውሱ የቅጠሉ ሳይሆን፣ በቅጠሉ ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው ሻጋታ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ሻጋታ የሚለው ቃል አንባቢን አያስደንግጠው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1928 ያገኘው ፔኒሲሊንም ከሻጋታ የወጣ ነው። በጤነኛ ተክል ውስጥ የሚኖረው ሻጋታ እንደ ጥንቱ ጭሰኛ ነው፤ ምግብና መጠለያ ከባለርስቱ ያገኛል፣ አንዳንዱም በበኩሉ ባክቴሪያን የሚከላከል ንጥረ ነገር ያዘጋጃል። በሆንዱራስ ከቀረፋ ዛፍ የተገኘው ሙስኮዶር አልቡስ የተባለው ሻጋታ፣ የሚያወጣው ጋዝ ብቻውን ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይገድላል።

ፍለጋውም ተአምር የሚጠይቅ አይደለም። ቅጠሉ በአልኮልና በበረኪና ይታጠባል፤ በላዩ ያለው ተሐዋሲ ሁሉ ከሞተ በኋላ ተቆርጦ ምግብ ባለበት ሳሕን ላይ ይቀመጣል፤ ከቁራጩ ጠርዝ ብቅ የሚለው ሻጋታ እንግዲህ የውስጥ ነዋሪ ነው። ለብቻው ከተራባ በኋላ ቁስል በሚያመግል ባክቴሪያ መካከል ሲቀመጥ፣ ዙሪያው ባዶ ሆኖ ከታየ ባክቴሪያው ሊጠጋው አልቻለም ማለት ነው። ሆኖም በሳሕን ላይ ያሸነፈ ሁሉ ለሰው መድኀኒት አይሆንም፤ መርዝም ሊሆን ይችላል። ከዛፋቸው ሲለዩ ሥራቸውን የሚያቆሙም አሉ። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው «ናፍቆት ነው» ብለው ይስቃሉ።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ካንሰርን የሚዋጋው ሜይታንሲን በ1972 የተገለጸው ከአገራችን ከተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ተክል ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የቅርብ ዘመዱን ባክቴሪያ ሲሠራው ተገኘ። ከዚሁ ዘር የተዘጋጀ መድኀኒትም በ2013 በአሜሪካ ለጡት ካንሰር ተፈቅዷል።

የተለመዱት መድኀኒቶች ባክቴሪያን መግደል እያቃታቸው ባለበት በዚህ ዘመን፣ ሥሩ እየተማሰ የሚያልቅ ዛፍ ጭሰኛውን ይዞ ይጠፋል። ሻጋታው ግን አንድ ጊዜ ከጥቂት ቅጠል ከተገኘ በጠርሙስ ውስጥ ሊጠበቅ ይችላል። እንግዲህ የምርምር ተቋሞቻችን የደረቀ ቅጠል ብቻ ሳይሆን ሕያው ሻጋታውንም እንዲያስቀምጡ እለምናለሁ። በ1998 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 482 መሠረት ፈቃድ የሚጽፉ ባልደረቦችም፣ አንድ እፍኝ ቅጠል ከአገር ሲወጣ በውስጡ ማን አብሮ እንደሚሄድ ከመፈረማቸው በፊት ይጠይቁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር